ለዶሮ ብዬ

አንቺዬ፣

ስንት ጊዜ ሆነን? ሁለት ዓመት? አልቆጥረውም፣ ያሳፍራል። አባባ ያረፉ ጊዜ ስልኩን ስንቴ አንስቼ እንዳስቀመጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይኸው፣ ለአባባ ያልደወልኩ ሰው ዛሬ ለዶሮ ብዬ ጻፍኩልሽ። ስደቢኝ፣ ግን አንብበሽ ጨርሺው። ደብረ ዘይት ዶሮ ስትይዢ ዓይንሽን ትጨፍኚ የነበረውን ባልረሳም፣ ያው የእንስሳት ሐኪሟ አንቺ ነሽ።

ሲልኪ የሚሏትን ዶሮ ታውቂያታለሽ አይደል? ላባዋ እንደ ባዘቶ፣ ቆዳዋ ከሰል፣ ጣቷ አራት ሳይሆን አምስት። እማዬን በቪዲዮ ላባውን ገልጬ ባሳያት አማተበችና «ይቺንስ ወጥ እንዳትሠሪ፣ አደራ!» አለችኝ። የእኔዋ ነጭ ናት። እዚህ ኮሎምበስ ኖቬምበር ላይ ትልቅ የዶሮ ውድድር አለ፣ እሷን ይዤ ልገባ ነበር የምለፋው። መጀመሪያ እንደ አገር ቤት በቆሎ ስበትንላት ከርሜ ላባዋ ወደ ቢጫ አደላ፤ ቢጫ በቆሎ ነጭ ላባ እንደሚያበላሽ የነገረኝ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ነው። ከዚያ ወዲህ መኖ ብቻ። እጥበቷማ አይወራም፣ በሳሙና፣ ከዚያ አቼቶ ጠብ ባለበት ውሃ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ፣ በመጨረሻም ፀጉር ማድረቂያ። ሳቂ። የራሴን ፀጉር እንዲህ አላውቀውም።

ሐሙስ ጠዋት ስገባ አንገቷ ተጣሞ፣ ጭንቅላቷ ተገልብጦ ጣሪያ ታያለች። ልትራመድ ስትል ወደ ኋላ ትሄድና ትንከባለላለች። የነዚህ አናት እኮ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ክፍት ነው፣ አንዴ በደንብ ከተነቆረች በቃ። እና... ትልቁን አውራ ዶሮ ከእሷ ጋር የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሌላኛውን ቤት ላጸዳ ሰንፌ። ለባሌም አልነገርኩትም።

ቫይታሚን ኢ ጀምሬላታለሁ። ጭንቅላቷን በመዳፌ ቀና አድርጌ ምንቃሯን ውሃ አስነካታለሁ፣ ሁለቴ ትጎነጫለች፣ ስለቃት መልሶ ይዞራል። ሴሊኒየምም ጨምሪ ይሉኛል፤ ሲበዛ መርዝ ነው አይደል? ኪሎ እንኳ አትሞላም፣ ስንት ልስጣት? እዚህ የጠየቅኩት ሐኪም ለምርመራ ብቻ የጠራው ዋጋ በግ ይገዛል።

ውድድሩን ትቼዋለሁ። ትቁምልኝ እንጂ።

ስልክሽ ያው ነው? ብደውል ታነሺልኛለሽ? ስለ ዶሮዋ ብቻ አይደለም።

ልነሳ፣ ውሃዋ ሰዓት አልፏል።