ግልጽ ደብዳቤ፦ የቀባው ተከሶ ያስቀባው ለምን ታለፈ?

ለከተማችን ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በሕዝብ የድጋፍ ግንብ ላይ ያለ ፈቃድ የተጻፈውን ማስታወቂያና በዚሁ ምክንያት የተመሠረተውን ክስ ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ለጽሕፈት ቤትዎ ያቀረብነው አቤቱታ መልስ ስላጣ ነው። አቤቱታችን በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኗል፣ ማኅተም አርፎበታል፣ ቁጥርም ተሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ የት እንደ ደረሰ በጠየቅን ቁጥር የሚነገረን «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚለው ብቻ ነው። የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደ ሆነና መቼ እንደሚያየው ሊነግረን የፈቀደ ሠራተኛ አላገኘንም። በዚህ መካከል በአንድ ወጣት ላይ ብቻ ክስ ተመሥርቶ ቀጠሮ ተይዟል፤ እኛም ዝም ብለን ከጠበቅን ነገሩ በዚያው እንደሚዘጋ ገባን።

ነገሩን ከመዝገቡ ያውቁታል። ደብዳቤው ግልጽ ነውና ሌላውም አንባቢ እንዲረዳው ግን ከሥሩ ልጀምር።

ከተማችን እንደ ብዙዎቹ የወሎ ከተሞች ተራራ ተደግፋ የተቆረቆረች ናት። ደሴን ከጦሳ ሥር ያየ ሰው የእኛንም መገመት አያቅተውም፦ ቤቱ በቤት ላይ፣ መንገዱ በዳገቱ ወገብ ላይ ነው፤ አፈሩም ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ ጠጥቶ ለመንሸራተት የሚያኮበኩብ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ የድጋፍ ግንብ ከሌለ መንገድም ቤትም የለም። የምንነጋገርበት ግንብ ከላይ ያሉትን መኖሪያ ቤቶች ተሸክሞ፣ ከታች ተማሪው፣ ገበያተኛውና ባጃጁ የሚያልፍበትን መንገድ የሚጠብቅ ነው። ዳገቱ በአንድ ክረምት ተንዶ መንገዱን ከዘጋ በኋላ የአካባቢያችን ቅሬዎች (ዕድሮች)፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም፣ በየቤቱ ዞረው መዋጮ ሰበሰቡ፤ ወንዱም ሴቱም ድንጋይ አጓጓዘ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሲሚንቶና ባለሙያ ጨመረበትና ግንቡ ቆመ። እኔ በሙያዬ የግንባታ ሥራ ተቆጣጣሪ ስለ ሆንሁ ኮሚቴው ውስጥ ገብቼ ሥራውን ከመሠረቱ ቁፋሮ እስከ ላይኛው ረድፍ ተከታትያለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ዘልቆ ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙበት ወቅት ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሱቁም ተዘርፎ ብዙ ሰው ባዶ ቤት ቀረ፤ ነገሩ ሲበርድ ያው ሕዝብ እንደገና ተዋጥቶ ያቃናውን አቅንቷል። የጋራ ንብረት ምን ዋጋ እንዳለው ለዚህ ሕዝብ ማንም ሊያስተምረው አይችልም። ንብረቱን ያበላሸ ሰው በሕግ ይጠየቅ ስንል የምንለውም ከልባችን ነው።

በግንቡ ላይ የተፈጸመው ግን «ማስታወቂያ ተጻፈበት» በሚለው ቃል ብቻ የሚገለጽ አይደለም። የድንጋይ ግንብ ፊቱ ወጣ ገባ ነውና ለጽሑፍ አይመችም። ስለዚህ ማስታወቂያውን ያስነገረው የንግድ ድርጅት ቀለም ቀቢው ከመምጣቱ አስቀድሞ የራሱን ሠራተኞችና የራሱን ሲሚንቶ አምጥቶ የግንቡን ሰፊ ክፍል ልስን አለበሰው። ግንቡ ከጀርባው የሚጠራቀመውን ውኃ የሚያስወጣባቸው የፕላስቲክ ቱቦዎች ነበሩት፤ እኔ ራሴ በየረድፉ ሲቀመጡ ቆሜ ያየኋቸው ናቸው። ቱቦዎቹ ከድንጋዩ ወጣ ብለው ልስኑን አላስተካክል ስላሉ ጫፋቸው ተቆርጦ በሲሚንቶ ተደፈኑ። የድጋፍ ግንብ ሙያ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ የሚመጣበትን ያውቃል። አፈር ብቻውን የሚገፋው ግፊትና ውኃ የጠገበ አፈር የሚገፋው ግፊት አይወዳደሩም፤ ደህና ተደርጎ የተሠራ ግንብ እንኳ ውኃው መውጫ ሲያጣ ሆዱን ይነፋል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ይናዳል።

የዘንድሮ በልግ ምልክቱን አሳይቶናል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ልስኑ በሚያልቅበት በግራ ጠርዝ በኩል ውኃው ከቱቦ ሳይሆን ከድንጋዩ መጋጠሚያ መንጠብ ጀምሯል፤ በዚያ መስመርም ላይ አሸዋ ያዘለ ቡናማ ጭቃ ተጋግሮ ይታያል። ጭቃ መውጣቱ ከውኃው ጋር ከግንቡ ጀርባ ያለው አፈርም እየታጠበ መሆኑን ይነግረናል። ልስኑን በጣት ሲያንኳኩት በአንዳንዱ ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ትልልቆቹ ቀይ ፊደላት ያረፉት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ተከሰሰው ልጅ ልምጣ። ታፔላና የሱቅ ግድግዳ እየጻፈ የሚተዳደር ወጣት ነው። ሥራውን የሰጠው የድርጅቱ ሠራተኛ ንድፉን፣ የፊደሉን ቁመትና ዋጋውን በቴሌግራም ላከለት፤ ቀብዱም በባንክ ገባለት። ልጁ «ፈቃድ አለው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰውየው «አልቋል» ብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ፎቶ በስልኩ አሳየው። ያ ወረቀት ምን እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ጻፈውና አሁን የት እንዳለ እስከ ዛሬ የጠየቀ መርማሪ የለም። ቴሌግራሙን የመረመረ፣ የባንኩን ደረሰኝ ከመዝገቡ ጋር ያያያዘም የለም። ልጁ ሁለቱንም ይዞ ቀርቦ «ይህን ለፍርድ ቤት ትናገራለህ» ተብሎ ተመልሷል። ደንብ አስከባሪዎች የያዙት መሰላል ላይ ቆሞ የድርጅቱን የስልክ ቁጥር ሲጽፍ ነበር። መሰላሉ፣ ብሩሾቹና የቀለም ቆርቆሮዎቹ በኤግዚቢትነት ተወስደዋል፤ ይህም ማለት ዋስትና ተፈቅዶለት ቢወጣም የሚሠራበት የለውም ማለት ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በተለይ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ልጁ ሲያዝ የስልክ ቁጥሩ የመጨረሻ ሦስት አኃዞች አልተጻፉም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ተጽፈው ተገኙ። ግንቡ አጠገብ የቆመ ሁሉ ልዩነቱን ያያል፦ ቀደም ያሉት አኃዞች ቀጥ ያሉ፣ ጠርዛቸው የተለካ፣ የባለሙያ እጅ ያረፈባቸው ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን ወፈር ብለው ወደ ቀኝ ያጋደሉ ናቸው፣ ከሥራቸውም ቀለም ተዝረክርኳል። እንግዲህ አንድ ሰው ታስሮ ባደረበት ሌሊት ያው «ወንጀል» በሌላ እጅ ተፈጽሞ አልቋል። ይህን ያስደረገው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ከባድ ምርመራ አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ላይ መደወል ብቻ ይበቃል። ድርጅቱ ዛሬም በዚያው ቁጥር ትእዛዝ ይቀበላል።

በዚህ ጉዳይ ቢሮዎ ቀርበን ያገኘነው መልስ «እጅ ከፍንጅ የተያዘው እርሱ ነው» የሚል ነው። ሌላ ባለሙያ ደግሞ ድርጅቱ ከፍተኛ ግብር ከፋይ መሆኑንና ከተማው ባለሀብት የሚፈልግበት ጊዜ መሆኑን አስረዳን። ግብር መክፈል የማንኛውም ነጋዴ ግዴታ ነው፤ የሕዝብ ግንብ የመደፈን ፈቃድ ግን አይሆንም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ልክ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተነገረ ነው፤ እኛም የከተማችንን ዐቃቤ ሕግ በዚህ አነጋገር ለመውቀስ የበቃነው ወደን አይደለም።

ሕጉን ከእኔ እንደማይማሩ አውቃለሁ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የውጭ ማስታወቂያን፣ ማለትም በግድግዳና በመንገድ ዳር የሚታየውን፣ በፈቃድ የሚያስተዳድር መሆኑን ያውቃሉ፤ ፈቃዱን ማውጣት ያለበትም በእኛ እምነት በማስታወቂያው የሚጠቀመው ወገን እንጂ የቀን ሥራ የሠራለት ሰው አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 32 የነገሩን ሁኔታ በማያውቅ ሰው እጅ ወንጀል ያስፈጸመን ሰው ዋና ወንጀል አድራጊ እንደሚለው፣ አንቀጽ 36 በገንዘብም ሆነ በተስፋ ሌላውን ያነሳሳን እንደሚቀጣ፣ አንቀጽ 80 ደግሞ በፍሬ ነገር ስሕተት የሠራ ሰው በተረዳው ሁኔታ መጠን እንደሚዳኝ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ፈቃድ አለ ተብሎ ማኅተም ያየ ልጅ በእነዚህ ድንጋጌዎች ፊት የት እንደሚቆም፣ ፈቃድ እንደሌለው እያወቀ ያዘዘውስ የት እንደሚቆም መመዘን የቢሮዎ ሥራ ነበር። የክስ ማመልከቻው ግን ይህን አልመዘነም። ይባስ ብሎ የጉዳቱ ግምት የልስኑን ማንሻ፣ የቱቦዎቹን መተኪያና የቀለሙን ማጽጃ በአንድነት ደምሮ በልጁ ላይ አስፍሯል። ልጁ ሲሚንቶ አላቦካም፤ ቱቦ አልቆረጠም። ልስኑ የተሠራው እርሱ ከመምጣቱ በፊት እንደ ሆነ በየደጁ ቆሞ ያየ ጎረቤት ሁሉ ለመመስከር ፈቃደኛ ነው፤ የምስክሮቹንም ዝርዝር ከአቤቱታችን ጋር አያይዘን ሰጥተናችኋል። ቃላቸውን ለመቀበል የተጠራ አንድም የለም።

በአምፖል ቋሚዎች ላይ የሚለጠፉትን የአስጠኚና የኪራይ ቤት ወረቀቶች ከዚህ ጋር አንድ አድርጌ አላይም። እነርሱም ከተማ ያቆሽሻሉ፤ ደንብ ይከበር ከተባለ በእነርሱም ላይ ይከበር። ነገር ግን ዳቦ ፈልጎ ወረቀት የለጠፈ ተማሪ በዚያው ቀን ተቀጥቶ፣ የሰው ቤት በላዩ ያረፈበትን ግንብ የደፈነ ድርጅት ለቃሉ እንኳ ሳይጠራ ሲቀር፣ «ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው» የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 ለልጆቻችን ምን ብለን እንንገራቸው? ይህን የምጠይቀው ለማሳጣት አይደለም። መልሱን በእውነት ስላጣሁት ነው።

ልጁ ምንም ጥያቄ አይቀርብበት አላልንም። የሠራውን ያህል ይጠየቅ፤ ፍርድ ቤቱም ይመዝነው። የምንለው የምርመራ መዝገቡ እንደገና ተከፍቶ የድርጅቱ ኃላፊና ሥራውን ያዘዘው ሠራተኛ ቃላቸውን ይስጡ፣ የቴሌግራም ልውውጡና የባንክ ደረሰኙ ይያያዙ፣ ሌሊት የተጻፉት አኃዞች ጉዳይ ይጣራ፣ ክሱም በዚያ መሠረት ይሻሻል ነው። የልጁ የሥራ ዕቃዎች ፎቶ ተነሥተውና ተመዝግበው እንዲመለሱለት ማድረግም በእጅዎ ያለ ነገር ነው።

አንድ የማይዘገይ ጉዳይ ይቀራል። ልስኑን አፍርሰን ቱቦዎቹን እንክፈት ብለን ብንጠይቅ «ግንቡ በማስረጃነት የተያዘ ነው፣ እንዳይነካ» ተብለናል። እስከ አሁን አልነካነውም። አሁን ግንቦት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ በዚያ ዳገት ላይ የሚወርደውን ዝናብ እርስዎም እንደ እኛ ያውቁታል። ማስረጃው በቪዲዮ፣ በፎቶና በመለኪያ ተመዝግቦ፣ መሐንዲስ አይቶት ፈርሞበት ሊቀመጥ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ልስኑ ቢነሣ ለፍርድ ቤቱ የሚጎድልበት የለም። መዶሻውንም መሮውንም እኛ እናመጣለን፣ ጉልበቱንም ቅሬዎቹ ያዋጣሉ፤ ወጪው በኋላ ጥፋተኛ ሆኖ በሚገኘው ወገን ላይ ይታሰብ። ከእርስዎ የምንፈልገው አንድ የተፈረመ የፈቃድ ደብዳቤ ነው፣ እርሱንም ሰኔ ሳይገባ። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ግንቡ ቢናድና በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት ቢደርስ፣ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ደርሶዎት እንደ ነበር ይህ ደብዳቤ ይመሰክራል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከድጋፍ ግንቡ ሥራ ኮሚቴ አባላት አንዱ

ግልባጭ፦
ለዞኑ ፍትሕ መምሪያ
ለከተማው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለአካባቢያችን ቅሬዎች በሙሉ