የመርሲያዋ እመቤት

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ሳንጻጻፍ ብዙ ጊዜ አለፈ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ኑሮዬ አሁን በእንግሊዝ መሐል አገር፣ ያኔ በክፍል ስሟን ብቻ በሸመደድናት በጥንቷ የእንግሊዝ መንግሥት፣ በመርሲያ ምድር ነው።

እዚህ ታምወርዝ በምትባል ከተማ፣ ከግንቡ ሥር የአንዲት ሴት ሐውልት አለ። ሰይፍ ይዛ የወንድሟን ትንሽ ልጅ አቅፋለች። ኤተልፍሌድ ትባላለች፤ በደቡብ የነበረችው መንግሥት፣ የዌሴክስ ንጉሥ የአልፍሬድ ልጅ ናት። ቫይኪንጎች የተባሉት ከባሕር ማዶ የመጡ ወራሪዎች ጎረቤት መንግሥታቱን ኖርዘምብሪያንና ምሥራቅ አንግሊያን፣ የመርሲያንም እኩሌታ በነጠቁበት ዘመን ለመርሲያው ገዥ ተዳረች። ባሏ እ.ኤ.አ. በ911 ሲሞት መርሲያውያን ሌላ ገዥ አልፈለጉም፤ የመርሲያውያን እመቤት ብለው ተገዙላት።

ስልቷ ትዕግሥት የሞላበት ነበር። ቦታ ትመርጣለች፣ በአፈርና በእንጨት ታጥራለች፣ ዘብ ታቆማለች፤ ከዚያ ወደፊት ትገፋለች። ታምወርዝንና ስታፎርድን በ913፣ ዎሪክን በ914 አጠረች። ወንድሟ ኤድዋርድም ከደቡብ እንዲሁ ይገፋ ነበር። በ917 ዳርቢን ከቫይኪንጎች ስትይዝ የምትወዳቸው አራት ባለሟሎቿ ከከተማዋ በር ውስጥ ወደቁ። የጥንት እንግሊዞች ዜና መዋዕል በዚያ ሁሉ ጦርነት መካከል ሐዘኗን መዝግቦ ማቆየቱ ልቤን ይነካዋል። በማግሥቱ ዓመት ሌስተር ያለ ውጊያ ገባችላት፤ የዮርክ ሰዎችም ሊገዙላት ቃል ገቡ። እሷ ግን በጁን 12 ቀን 918 ታምወርዝ ላይ አረፈች።

የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ልጇ ኤልፍዊን በእናቷ እግር ተተካች። ብዙም ሳትቆይ አጎቷ ኤድዋርድ ሥልጣኗን ገፎ ወደ ዌሴክስ ወሰዳት፤ ዜና መዋዕሉም ከዚያ ወዲያ አያነሳትም። ቫይኪንጎች ያልጨረሷትን መርሲያን የጨረሳት የሥጋ ዘመድ ነው። ዌሴክስ ጠላት ከማባረር አልፋ ጎረቤቶቿን የዋጠችው እንዲህ ነው።

ያ በሐውልቱ ላይ የታቀፈው ልጅ ኤተልስታን ነው። በአክስቱ ቤት እንዳደገ ይነገራል፤ አባቱ ኤድዋርድ በ924 ሲሞትም ቀድመው ያነገሡት መርሲያውያን ናቸው። በ927 ዮርክን ይዞ የእንግሊዞች ሁሉ ንጉሥ ሲሆን መንገዱን የጠረገችለት አክስቱ ናት ባይ ነኝ።

አንቺ ዛሬም ታሪክ ታስተምሪ የለ? አልፍሬድን ስታነሺ ሴት ልጁንና የልጅ ልጁንም ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መልስሽን በናፍቆት እጠብቃለሁ።

አክባሪ ወዳጅሽ