ከታንኳው እንዳትወርጂ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽን ያ ጉልበቷ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

ትናንት ማታ ወንድምሽ ስልኩን እየነካካ «እህቴ እኮ አዞ ያለበት ረግረግ ውስጥ ልታድር ነው» አለን። እናትሽ ጀበናውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ከዚያ የላክሽለትን ፎቶ አሳየን። ታንኳ፣ ጥቁር ውሃ፣ ውሃ ላይ የቆመ የእንጨት ወለል። ለሱ ነግረሽ ለእኛ ለምን እንደደበቅሽ ገብቶኛል። አልተቆጣሁም። ማለቴ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

አትሂጂ አልልሽም። ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ ሰው ልጁን ተፈጥሮ አትይ ቢል ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ። ከታንኳው እንዳትወርጂ። አረንጓዴው መሬት ይመስልሻል። መሬት አይደለም።

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ስለዚህ ኦክፌኖኪ ስለሚባለው ቦታ ሳነብ አደርኩ። ለካ ከ160 ሺህ ሄክታር በላይ ነው የተከለለው። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ላይ ተኝቶ ጫፉ ፍሎሪዳ ይገባል። ከሥሩ ለሺህ ዓመታት የተደራረበ፣ በደንብ ያልበሰበሰ የተክል ክምር አለ፤ ቦታ ቦታ ላይ እስከ 4 ሜትር ተኩል ይወርዳል። ከሱ ላይ ቁራጩ እየተነሳ ይንሳፈፋል። ሣር ይበቅልበታል፣ ሲቆይ ቁጥቋጦና ዛፍም ያበቅላል። ሰው ሲረግጠው ይንቀጠቀጣል። የምልሽ ይሄንን ነው። ውሃው የጠቆረውም ቆሽሾ አይደለም። ቅጠሉና ሥሩ ተዘፍዝፎበት እንደ ሻይ ወጥቶለት ነው።

ደስ ያለኝ ነገር ደግሞ አለ። ከዚያ ረግረግ ሁለት ወንዞች ይወጣሉ። ስዋኒ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ሴንት ሜሪስ ወደ አትላንቲክ። ከአንድ ቦታ ተነስተው ወደተለያየ ባሕር! የኛ ቦርከና ደግሞ አዋሽ ገብቶ፣ አዋሽም አፋር በረሃ ላይ ቀርቶ፣ ባሕር የሚባል ሳያዩ። ይሄን ክፍል ውስጥ ባስተማርኩት ኖሮ።

በፈረንጆቹ 1891 አንድ ኩባንያ ውሃውን አፍስሼ እርሻ አደርገዋለሁ ብሎ ቦይ መቆፈር ጀመረ። ገንዘቡ አለቀ፣ ረግረጉ አላለቀም። ቀጥሎ የመጡት ባቡር ሐዲድ ዘርግተው ዛፉን ጨፈጨፉት። በ1937 መንግሥት ከለለው፤ በ1974 አብዛኛው ክፍል የሰው እጅ እንዳይነካው በሕግ ተደነገገ። የኛን ረግረግ፣ ጨፋን፣ እንዲህ ብሎ የከለለ የለም። እርሻው ከዳር እየበላት ነው። እንግዲህ ምን ይባላል።

ጨፋን ካነሳሁ የዳልቻዋ ጊደር ነገር መጣብኝ። ሰምተሽዋል፣ አውቃለሁ። መጨረሻውን ግን ነግሬሽ አላውቅም።

በ77ቱ ድርቅ ከብቱ ሁሉ ወደ ጨፋ ወረደ። ሌላው አገር ሲነድ እዚያ ደንገልና ቄጠማ ነበር። እኔና የአያትሽ ወንድም የተረፉትን ከብቶች ነድተን ሄድን። ዳልቻዋ ሣሩን ስታይ ሮጠች። ከሁላችንም ቀድማ ያንን አረንጓዴ ረገጠች። መጀመሪያ የፊት እግሮቿ ገቡ፣ ቀጥሎ ሆዷ። በተንፈራገጠች ቁጥር ማጡ እየዋጣት ሄደ። ኋላ ላይ መጮኽም ተወች። ከዓይኗ ላይ ዝንብ ማባረር እንኳ አቃታት። እኔ ልገባ ስል አጎቴ በጥፊ መለሰኝ።

አንድ የማናውቀው እረኛ መጣ። ኦሮምኛ ነው የሚናገረው። ምንም ሳይጠይቅ ደንገል አጨደ፣ ማጡ ላይ አነጠፈ፣ በሆዱ ተኛበት። እየተሳበ ሄዶ መጫኛውን ከሆዷ ሥር አሳለፈ። አገጩ ጭቃው ውስጥ ነበር። ከዚያ ስንት ሆነን እንደጎተትናት እንጃ፣ ወጣች። አጎቴ የእረኛውን እጅ ይዞ «የመጀመሪያ ጥጃዋ ያንተ ናት» አለው።

በሳምንቱ ከሚሴ ገበያ ሸጥናት። በዚያ ክፉ ቀን ከብት ምን ዋጋ ነበረው! የገዛንበት እህል ደግሞ ቤት ደርሶ ወዲያው አለቀ። ልጁ ግን ጥጃውን ስንት ዓመት ጠብቆ ይሆን? አጎቴ እስኪሞት ድረስ የእረኛውን ነገር አንስቶ አያውቅም። ስም ቢኖረውም አልጠየቅነውም። አዲስ አበባ ስመላለስ አውቶቡሱ ጨፋ ሲደርስ ወሬ አቆማለሁ። እናትሽ እንቅልፍ ይመስላታል።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ እንዳትወርጂ። ፎቶ ልነሳ ብለሽ አንድ እግርሽን እንኳ እንዳታሳርፊ።

አሁን ሥራ ላይ። የሌሊት ፈቃድ ቀድሞ ነው የሚያዘው፣ በየማደሪያው ለአንድ ሌሊት አንድ ቡድን ብቻ ነው የሚገባው። ይዛችኋል ወይስ «እንደርስበታለን» እያላችሁ ነው? የመጠጥ ውሃ ተሸክማችሁ ነው የምትገቡት። መጸዳጃውንም ጭምር፤ አትሳቂ፣ ደንቡ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች እስክትወጣ ከወለሉ መነቃነቅ ክልክል ነው። ይሄን ደንብ ያወጣውን ሰው አላህ ይባርከው። አዞውን መመገብም በሕግ ክልክል ነው። እጅሽን ውሃ ውስጥ እየነከርሽ አትጫወቺ፤ ሐይቅ ላይ አክስትሽ የሆነችውን ታውቂያለሽ። የዋና ጉራሽን እዚያው አትላንታ ተዪው።

እሳት እንዳታነዱ። ያ ክምር ሲደርቅ ከሥር ነው የሚነደው። በፈረንጆቹ 2017 በመብረቅ የተነሳው ስንት ሰፊ አገር አቃጥሏል። መብረቅ ካየሽ ጉዞው ይቅር። ፈረንጆቹ «ችግር የለም» ቢሉሽም ይቅር። ጊዜውን በመጋቢት ማድረጋችሁ ጥሩ ነው፤ እኛ ክረምት የምንለው ጊዜ እዚያ ሙቀትና ትንኝ ነው። ባይሆን በፎክስተን በኩል ገብታችሁ መጀመሪያ ቀን ከአስጎብኚ ጋር በጀልባ ብታዩትስ? ሐሳብ ነው።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። እኔ ግን አንቺን መከራ እንዲመክርልኝ አልፈልግም። የኔ እናት፣ ስትወለጂ ደሴ ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ ያደርኩትን ብርድ ዛሬም ጀርባዬ ያውቀዋል። ስለዚህ አረንጓዴው ላይ እንዳትወርጂ።

እናትሽ ሐሙስ ሰው ሰብስባ የወዳጃ ዱዓ ታደርግልሻለች። ቡናውንም ጫቱንም የምገዛው እኔ ነኝ፣ ሒሳቡ ባንቺ ነው። የፈቃዱን ወረቀትና የጓደኞችሽን ስልክ ለወንድምሽ ላኪለት። ስትገቡም ስትወጡም ደውዪ፤ እዚህ ሌሊት ነው ብለሽ አትተዪ።

እሳት ስለሌለ በሶ ይሻላችኋል። ማክሰኞ ከደሴ ወደ አትላንታ የሚነሳ ሰው አግኝቻለሁ። አንድ ኪሎ ይበቃል ወይስ ፈረንጆቹም ይበላሉ? ቶሎ ንገሪኝ፣ ገብሱ ገና አልተቆላም።

አባትሽ
ኮምቦልቻ