ከመውጣትህ በፊት እቺን አንብብልኝ

ሰላም ወንድሜ፣

እንደው ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጠያየቅ! ስራ፣ ልጆች፣ ኑሮ እያልን ነጎደ እኮ፣ ግን በጣም ነው የምትናፍቀኝ። ሰሞኑን እህትህ ቤተሰቡን ይዞ መንገድም ኔትወርክም የሌለበት በረሃ በመኪና ሊገባ ነው ስትለኝ ደስም አለኝ፣ ሆዴንም ባር ባር አለው፣ ለዛ ነው የምጽፍልህ።

አደራ የምልህ አንድ ነገር ነው፣ የምትይዘውን እቃ ሁሉ ደጅህ ላይ አንዴ ስራበት። ገዝተህ ከወንበር ስር የወረወርከው እቃ ማታ በባትሪ ብርሃን ሲፈለግ ምንም አያደርግልህም።

ከጎማ ጀምር። ክሪኩን (የመኪና ማንሻውን) አውጥተህ አንድ ጎማ ራስህ ፍታ፣ በማሽን የታሰረ ዳዶ በእጅ ቁልፍ አልላቀቅም ሊልህ ይችላል፣ እዛ ከሚያስጨንቅህ እዚሁ እወቀው፣ ቁልፉ ላይ የሚሰካ ረዘም ያለ ቧንቧም ያዝ። ክሪክ አሸዋ ላይ ይሰምጣል፣ ከስሩ ወፍራም ጣውላ ያስፈልጋል። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ንፋስ እንዳለው ለካ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል! ከተቻለ ሁለት ስኮርታ ያዝ፣ ምክንያቱም የጎማው ጎን ከተቀደደ ምንም ብትጠቀጥቅበት አይዝም። መሬት የሚነካው ፊቱ ላይ ሚስማር ከወጋው ግን ጎማውን ሳትፈታ ትሰራዋለህ፣ ሚስማሩ የገባበትን አቅጣጫ አይተህ ትነቅለዋለህ፣ ከጎማ መጠገኛው እቃ ጋር ባለው ሞረድ ቀዳዳውን ገፋ ሳብ እያደረክ ታሰፋዋለህ፣ ማስቲሹን (ቀዳዳውን የሚደፍነውን የሚጣበቅ ገመድ) በመርፌው አስገብተህ ጫፉ ትንሽ ውጪ ሲቀር መርፌውን ቶሎ ትስበዋለህ፣ የተረፈውን ትቆርጠዋለህ፣ ከዛ ምራቅ ወይ ሳሙና ውሃ ቀብተህ አረፋ ካላወጣ አለቀ። ኮምፕረሰር ደግሞ ግድ ነው፣ አሸዋ ላይ ንፋሱን ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ድረስ ታወርደዋለህ፣ ደረቅ መንገድ ስትወጣ መልሰህ ካልሞላህ ጎማው ግሎ ይበላሻል።

ሁለተኛው የሚያስፈራኝ የሞተር ሙቀት ነው። የራዲያተር ቱቦ ከተሰነጠቀ ራሱ ላይ የሚጣበቀውን የሲሊኮን ቴፕ እየወጠርክ ግማሽ በግማሽ እያደራረብክ ጠቅልለው፣ ቱቦው ግን ደረቅና ንጹህ መሆን አለበት፣ ሁለቱን ጫፍ በፋሼታ (በብረት ማጥበቂያ ቀለበት) እሰረው። ራዲያተሩ ግሎ እያለ ክዳኑን እንዳትነካ በናትህ፣ የፈላው ውሃ ፊትህ ላይ ነው የሚፈነዳው። ለሞተሩ የሚሆን ውሃ ከምትጠጡት ለይተህ ጫን።

መኪናህ ናፍጣ ስለሆነ ተጨማሪ የናፍጣ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ያዝ፣ ከቀየርክ በኋላ በእጅ ፓምፑ አየሩን ማውጣት ተለማመድ፣ አየር ከገባበት በቁልፍ ብቻ ብታንገራግረው ባትሪህን ነው የምትጨርሰው። ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ ፊውዝ፣ ሽቦ እነዚህን ታውቃቸዋለህ።

አሸዋ ውስጥ ገብታችሁ ሌላ መኪና ሊጎትታችሁ ሲል ደግሞ ገመዱን ተጎታች የሚታሰርበት ኳስ ላይ በፍጹም አታስሩት፣ ተሰብሮ እንደ ጥይት ይወነጨፋል፣ ሰው የሞተበት ነገር ነው። ሻሲው (የመኪናው ዋና የብረት አካል) ላይ የተበየደ ወይም በቡሎን የታሰረ መጎተቻ መኖሩን ከወዲሁ እየው፣ ሲጎተትም ልጆቹን ከገመዱ አርቃቸው።

የምትሄዱበትን መንገድና የምትመለሱበትን ቀን ጽፈህ ላክልኝ፣ ካልደወልክ ማንን እንደምጠራም ጨምርበት። ቅዳሜ ከተመቸህ መጥቼ ጎማውን አብረን እንፈታዋለን፣ ያንን ሳንሰራ እንዳትነሳ።

ያንተው ወንድም