የባንክ አፕ ስክሪንም ይመርመር፦ ለባንኮች ተቆጣጣሪ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ጊዜዎን ላለመሻማት በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባንኮች የሞባይል አፕ ሲያወጡ መሥሪያ ቤትዎ ስለ ደኅንነቱ አጥብቆ ይጠይቃል። ደግ አደረገ። ደንበኛው የሚያየውን ስክሪንስ ማን ይመረምረዋል?

ገንዘብ የሚላክበትን ቅጽበት ብቻ እንይ። ሰውዬው «ላክ» የሚለውን ተጫነ። ክቧ ምልክት መዞር ጀመረች። ኔትወርክ ተቆረጠ። ከዚያ «ስህተት ተፈጥሯል፤ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ገንዘቡ ሄደ ወይስ አልሄደም? ደግሞ ቢጫን ሁለቴ ይላክ ይሆን? ላብ ላብ የሚለው እዚህ ጋ ነው። አፑ ራሱ ያላወቀውን ነገር «ስህተት» ብሎ መጥራት ደንበኛን ማሳሳት ነው።

መላ የጠፋለት ችግር አይደለም። እያንዳንዱ የክፍያ ትእዛዝ ከስልኩ ሲነሳ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ያው ትእዛዝ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ የባንኩ ሲስተም ቁጥሩን አይቶ «ይሄንንማ ተቀብያለሁ» ይላል፣ ገንዘቡ ሁለቴ አይወጣም። ፕሮግራመሮች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ቁርጡ ይነገር፦ ተልኳል፤ ወይም አልተላከም፣ ከሒሳብዎ የወጣ ገንዘብ የለም፤ ወይም ገና እያጣራን ነው፣ ደግመው አይላኩ፣ ውጤቱን እናሳውቅዎታለን። ሦስተኛውን መጻፍ ባንኮችን ለምን እንደሚያሳፍራቸው አይገባኝም። ደንበኛን የሚያረጋጋው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የተቀባዩ ስም ነው። ከረጅም ሒሳብ ቁጥር አንዷ አኃዝ ብትሳት ገንዘቡ ሌላ ሰው ኪስ ሊገባ ይችላል። በብሪታንያ ትልልቆቹ ባንኮች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ላኪው የጻፈውን ስም ከሒሳቡ ባለቤት ስም ጋር ያመሳክራሉ። ስሙ ከተቀራረበ ትክክለኛውን ያሳያሉ። ጭራሽ ካልገጠመ «አይመሳሰልም» ብለው ያስጠነቅቃሉ፣ የባለቤቱን ስም ግን አያወጡም። የሰው ምስጢርም ተጠበቀ፣ ገንዘቡም ዳነ። በዩሮ የሚገበያዩ አገሮችም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ይህን ማመሳከሪያ በነፃ እንዲሰጡ ባንኮቻቸውን አስገድደዋል።

የቀረው ጥቃቅን ይመስላል። በነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ፊደል ዓይኑ ለደከመ ሰው የለም ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የድር ተደራሽነት መመሪያ በተለመደው መጠን በተጻፈ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብሩህነት ንፅፅር ይጠይቃል። ሰዓት አልቆ ከአፑ ከመውጣቱ በፊት ተጠቃሚው እንዲነገረው፣ ለማራዘምም ቢያንስ 20 ሰከንድ እንዲሰጠውም ይላል። (የስክሪኑን ግማሽ የሚይዘው የብድር ማስታወቂያ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። እሱ ላይ የፈዘዘ ፊደል አይቼ አላውቅም።)

ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ አፕ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ባንኩ በእውነተኛ ሰዎች ይሞክረው፣ ባለሙያዎችዎም ቆመው ይዩ። ሞካሪዎቹ የባንኩ ወጣት ሠራተኞች ብቻ አይሁኑ። አዛውንት ይኑሩበት። በስክሪን አንባቢ (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ዓይነ ስውር ይኑርበት። ርካሽ ስልክ የያዘ ሰውም ይኑርበት። ባንኮችም በስህተት የተላከ ገንዘብን የሚመለከቱ አቤቱታዎችን ከነምክንያታቸው በየጊዜው ያሳውቁ። «የደንበኛ ስህተት» የሚለው ማምለጫ ግን እንደ ምክንያት አይቆጠር።

መመሪያው እስኪረቀቅ ድረስ አንድ ነገር ዛሬውኑ ሊሞክሩ ይችላሉ። የራስዎን የባንክ አፕ ይክፈቱና ለአንድ ባልደረባዎ ትንሽ ገንዘብ ይላኩ። «ላክ» ብለው እንደተጫኑ ወዲያው ኔትወርኩን ያጥፉት። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ለባልደረባዎ ያንብቡለትና ገንዘቡ ሄዶ እንደሆነ ይጠይቁት።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የባንክ ደንበኛ