የስልክ ረዳቶችን የሚያዘገየው ሕግ ብቻ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ሰሞኑን በአስተያየት ዓምዳችሁ ያስነበባችሁንን ጽሑፍ በጥሞና ተመልክቼዋለሁ። ጸሐፊው አውሮፓውያን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶችን (በድምፅ ወይም በጽሑፍ ሲጠየቁ የሚመልሱ፣ መልእክት የሚያሳጥሩ አገልግሎቶችን) በስማርት ስልኮቻቸው ላይ ከአሜሪካውያን ዘግይተው ያገኙት ሕግ ስላበዙ መሆኑን ካስረዱ በኋላ፣ አገራችንም ከእነርሱ ተምራ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን ለመቆጣጠር እንዳትቸኩል ይመክራሉ። ልደታ አካባቢ ቢሮ ያለኝ ጠበቃ ነኝና ነገሩን ያየሁት በሙያዬ ዓይን ነው። መዘግየቱ በእርግጥ ነበረ። ከዚያ ተነሥቶ ለኢትዮጵያ የተሰጠው ምክር ግን የሚያስኬድ አይመስለኝም፤ እኛ ይህን የሚመለከት ሕግ ባልነበረን ጊዜም ከአውሮፓውያን የበለጠ ስንጠብቅ የኖርን ነንና።

በቅድሚያ የአውሮፓውን ጉዳይ በልኩ እንየው። የአይፎን አምራቹ አፕል «አፕል ኢንተለጀንስ» ያለውን፣ ጽሑፍ የሚያሳጥርና በመጻፍ የሚያግዝ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ሲሆን፣ ወሩ ሳያልቅ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚኖሩ ደንበኞቹ በዚያ ዓመት እንደማያቀርበው አስታወቀ። በምክንያትነት የጠቀሰው የኅብረቱን የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ነው። ይህ ሕግ አፕልን፣ የጎግልን እናት ኩባንያ አልፋቤትን፣ ሜታን፣ አማዞንንና ማይክሮሶፍትን የመሳሰሉ ግዙፍ ኩባንያዎችን «በር ጠባቂ» ብሎ የሚሰይም ሲሆን፣ ለራሳቸው አገልግሎት የሚጠቀሙበትን የስልክ አቅም ለተፎካካሪዎቻቸውም እንዲከፍቱ ያስገድዳል፤ ያላከበረ ኩባንያ በዓለም ዙሪያ ከሚያገኘው ዓመታዊ ገቢ እስከ 10 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። አፕል ይህ ግዴታ የደንበኞቹን ምስጢርና ደኅንነት እንደሚያጋልጥ ተከራከረ። በወቅቱ የኅብረቱ የውድድር ጉዳይ ኮሚሽነር የነበሩት ማርግሬት ቬስታገር በበኩላቸው፣ ኩባንያው አገልግሎቱን የሚያቀርበው ውድድርን የመፍቀድ ግዴታ በሌለበት ቦታ መሆኑን በራሱ አንደበት መናገሩ እንዳስገረማቸው ገለጹ። አሜሪካውያን አገልግሎቱን በኦክቶበር 2024 መጨረሻ ሲያገኙ፣ አይፎን የያዙ አውሮፓውያን እስከ ማርች 2025 መጨረሻ ጠበቁ። ያን ያህል የተጮኸለት መዘግየት ይህ የአምስት ወር ልዩነት ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ሕጉ አገልግሎቱን አለመከልከሉ ነው። ያቆየው ኩባንያው ራሱ ነበር፤ ሲያቆየውም ከተቆጣጣሪው ጋር በነበረው ክርክር መደራደሪያ አላደረገውም ለማለት እቸገራለሁ። በሌላ በኩል ተቆጣጣሪዎች በቀጥታ ጣልቃ የገቡባቸው አጋጣሚዎችም አሉ። ጎግል በ2023 ባርድ የተባለውን ረዳቱን በአውሮፓ ኅብረት ሊጀምር ሲል፣ የአየርላንድ የግል መረጃ ጥበቃ ኮሚሽን በቂ ማብራሪያ አልቀረበልኝም በማለቱ ጅማሮው ለጊዜው ተገታ። በጁላይ ወር አገልግሎቱ ሲከፈት ግን ኩባንያው ለተጠቃሚዎች የሚሰጠውን መረጃና መቆጣጠሪያ አሻሽሎ ነበር። በእኔ ግምት ይህ ጥቂት ሳምንት መጠበቅ የሚያስቆጭ አይደለም።

ሕግ ሳይነካው የዘገየም አለ። አፕል ሲሪ የተባለውን የድምፅ ረዳቱን የተጠቃሚውን መልእክትና ቀጠሮ አገናዝቦ እንዲመልስ አድርጎ በአዲስ መልክ ሊያወጣ ቃል ገብቶ ሳለ፣ በማርች 2025 ሥራው ካሰበው በላይ ጊዜ እንደሚወስድ አምኖ ለሌላ ዓመት አስተላልፎታል፤ ይህም አሜሪካውያንን ጨምሮ ለሁሉም ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ይኸው ኩባንያ የዜና ማሳወቂያዎችን የሚያሳጥረው አገልግሎቱ፣ በአሜሪካ በግድያ ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው ራሱን በጥይት እንደመታ የሚገልጽ ሐሰተኛ ማጠቃለያ በቢቢሲ ስም በማሳየቱ አቤቱታ ቀርቦበት፣ በጃንዋሪ 2025 የዜና ማጠቃለያውን ለማገድ ተገድዷል። አይፎን የያዙት አውሮፓውያን በዚያን ጊዜ ገና በመጠበቅ ላይ ነበሩ። ቀድሞ ማግኘት ሁልጊዜ መታደል እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ቻትጂፒቲ በ2022 መጨረሻ ለዓለም ሲቀርብ ኢትዮጵያ አገልግሎቱ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም። ብዙ ወጣቶች ቪፒኤን (ያሉበትን አገር የሚደብቅ መተግበሪያ) ከፍተው፣ የውጭ አገር ስልክ ቁጥር ከሰው ለምነው ወይም ገዝተው መመዝገባቸውን የማያስታውስ የለም። በዚያ ወቅት የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎቶችን የሚቆጣጠር ሕግ አልነበረንም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ገና አልጸደቀም። ሲሪም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣ ወዲህ አማርኛ አልተናገረም፤ ኦሮምኛም አልተናገረም። ታዲያ ያን ጊዜ ያዘገየን የትኛው ቁጥጥር ነው? ኩባንያዎቹ የሚያዩት የመግዛት አቅማችንን፣ በዶላር መክፈል አለመቻላችንንና ለቋንቋዎቻችን የሚያስፈልገውን ወጪ ነው። ለእነዚህ ምክንያቶች ሕግ አለማውጣት መድኃኒት ሊሆን አይችልም።

ረዳቶቹ በሌላ በር መግባታቸውን ደግሞ ጸሐፊው የዘነጉት ይመስለኛል። ዛሬ በስታዲየምና በፒያሳ ዙሪያ ባሉ ሱቆች የሚሸጥ አብዛኛው የአንድሮይድ ስልክ የድምፅ ረዳት ተጭኖበት የሚመጣ ነው። በቅርቡ ከአንዲት ባልንጀራዬ እናት ጋር ስልክ ልንገዛ ሄደን የሆነውን ልንገራችሁ። ሻጩ ካርቶኑን ቀድዶ ስልኩን አበራ፣ ጂሜይል ከፈተላቸው፣ የይለፍ ቃሉንም ራሱ መርጦ በካርቶኑ ክዳን ላይ ጻፈላቸው። ከዚያ የመጣውን ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በአውራ ጣቱ ሽቅብ እየገፋ፣ ከታች ያለውን ቁልፍ ሳያቋርጥ ይጫን ጀመር። እርሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ጽሑፍ ምን ይላል?» ሲሉት፣ «ምንም አይደለም እማማ፣ ስልኩ እንዲከፈት ነው» አላቸው። ከተስማሙባቸው ነገሮች መካከል ማይክሮፎኑን መጠቀም፣ የተመዘገቡ ስልክ ቁጥሮችን ማየትና የድምፅ ቅጂ ማስቀመጥ ይገኙበታል። ልጁን አልወቅሰውም። ከኋላችን ሌሎች ገዢዎች ቆመው ነበር፤ ሱቁም የሚኖረው በሽያጭ እንጂ ውል በማስረዳት አይደለም።

በሕግ ዓይን ግን በዚያ ሱቅ የተፈጸመው ፈቃድ መስጠት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰው በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ፈቃድ በነጻነትና ተገቢው መረጃ ተሰጥቶ የሚገኝ መሆኑን መሠረት ያደረገ፣ ዳታ ከአገር የሚወጣበትን መንገድም የሚገዛ፣ ተቆጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሰጠ አዋጅ ነው። ይህ በእኔ ሙያ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የደንበኛን ምስጢር እንድጠብቅ ያስገድደኛል፤ ደንበኛዬ ግን የፍቺ ወይም የውርስ ጉዳዩን የሚልክልኝ መልእክቶችን እያነበበ በሚያሳጥር ስልክ ነው። ማጠቃለያው የሚሠራው እዚያው ስልኩ ውስጥ ይሁን ወይስ ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር ላይ፣ ለደንበኛዬ የነገረው ሰው የለም።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ አዋጁን ለማስፈጸም በሚያወጣቸው መመሪያዎች የስልክ ረዳቶችን በስም ጠቅሶ እንዲያካትታቸው እጠይቃለሁ። የስምምነቱ ጽሑፍ አጠር ብሎ በአማርኛና በሌሎቹ የፌዴራሉ የሥራ ቋንቋዎች ይቅረብ፤ ረዳቱም የስልኩ ባለቤት ራሱ እስኪከፍተው ድረስ ተዘግቶ ይምጣ። አቤቱታ የሚቀበልና መልስ የሚሰጥ አካል ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ይኑር፤ ዛሬ አንድ የተበደለ ተጠቃሚ ወደ እኔ ቢመጣ መጥሪያውን ለማን እንደማደርስ ግራ ይገባኛል።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። በአገራችን ቁጥጥር ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ፈቃድ፣ ማኅተምና ወረፋ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት «ይህ ረዳት ይግባ፣ ያኛው አይግባ» የሚልበት ሥርዓት ከተዘረጋ የሚጎዳው መጀመሪያ አገር ውስጥ በአማርኛና በኦሮምኛ ረዳት ለመሥራት የሚጥረው ወጣት ነው። እኔ የምደግፈው ለስልኩ ባለቤት መብት የሚሰጥ ሕግ ነው፤ ለባለሥልጣን የመከልከል ሥልጣን የሚጨምረውን ግን ከጸሐፊው ጋር ሆኜ እቃወማለሁ። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ከረጢት መክተታቸው ነው ያላስደሰተኝ።

«ገበያችን ትንሽ ነው፣ ብናስገድዳቸው ጥለውን ይሄዳሉ» የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ስልኮቹ ግን እዚሁ እየተሸጡ ነው፤ የስምምነት ጽሑፍ መተርጎም የሚከብደው ኩባንያ ገበያውን ለቅቆ ይወጣል ብዬ አላምንም። ብቻችንን መቆም ካልቻልንም የአፍሪካ ኅብረት በጁላይ 2024 አክራ ላይ አህጉራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስትራቴጂ አጽድቋል። የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ከቢሮዬ ብዙም አይርቅም፤ መንግሥታችን በአህጉር ደረጃ ተመሳሳይ ግዴታ እንዲቀመጥ ለመጠየቅ ከእርሱ የተሻለ ቅርበት ያለው የለም።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ልመና አለኝ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ማንኛውም የመመሪያ ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት እንዲሆን ያዛል። ብዙ ጊዜ ግን ማስታወቂያው በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ፣ ከሚመለከታቸው ጥቂቶች በቀር ማንም ሳያየው ቀኑ ያልፋል። የግል ዳታን የሚመለከት ረቂቅ ሲወጣ የአስተያየት መስጫውን የመጨረሻ ቀንና የስብሰባውን ቦታ ጋዜጣችሁ በፊት ገጹ ቢያወጣ፣ እኔና የሙያ ባልደረቦቼ በጽሑፍ አስተያየት ለማቅረብ፣ ስልክ ሻጮችንም ይዘን ለመምጣት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጠበቃ፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ