ብሩ ወደ አዋቂ ቤት እንዳይሄድ

ቤይሩት፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ አይጣል ነው። እናንተ ዘንድ ጅማ ግን የአዌቱ ወንዝ ሞልቶ፣ ጭቃው ደጃፍ ድረስ እንደደረሰ አውቃለሁ።

ይህን ነገር በስልክ ማውራት አልፈለግሁም። መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ሳልጨርስ ይዘጋል። ስለዚህ ጽፌ አገር በምትገባ ልጅ እጅ ልኬዋለሁ። እህቴ ታንብብልሽ፤ እሷንም ይመለከታታል።

በኢሞ የላከችልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ሱቁ ቀዝቅዟል፣ ሄርማታ ገበያው ጭር ብሏል። አንዲት ሴት ደግሞ «ገበያሽ ታስሯል» ብላታለች። ገብስማ ዶሮና ብር ይዛችሁ አዋቂው ዘንድ ብትሄዱ ይፈታል ተብሏል። ብሩም ባለፈው የላክሁት ነው።

እማዬ፣ በእግዚአብሔር ስም እለምንሻለሁ፣ አትሂዱ። ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ ማን ገንዘብ አለው? ቡናው ገና ሳይለቀም ገበሬው ከየት አምጥቶ ይገዛል? ሱቁን ያሰረው ይኸው ነው፤ በየዓመቱም ጥቅምትና ኅዳር ሲመጣ ይፈታል። አዋቂውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ዶሮውን አሁን ይወስዳል፣ ቡናው ሲደርስ ገበያው ሲነሳ ደግሞ «እኔ ነኝ የፈታሁላችሁ» ይላል። በዓመቱ ተመልሳችሁ ትሄዳላችሁ፤ ያን ጊዜ የሚያስኬዳችሁ ፍርሃት ነው።

«ታዲያ እግዚአብሔርን ካድን እንዴ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። አልካዳችሁም፤ እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። የካደ ሰው መካዱን ስለሚያውቅ አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 ላይ ያሉት የሰማርያ ሰዎች ግን እግዚአብሔርን ይፈሩ ነበር፣ ጎን ለጎንም የየአገራቸውን አማልክት ያመልኩ ነበር። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም እንዲሁ እንዳደረጉ ተጽፏል። ማተቡ አንገት ላይ እንዳለ፣ ጾሙም ሳይጓደል፣ ልብ ግን ሌላ ደጅ ይጠናል።

እዚሁ ያየሁትን ልንገርሽ። ማዳሜ ቡናዋን ስትጨርስ ሲኒውን በማስቀመጫው ላይ ትደፋዋለች። አተላው ወርዶ ሲደርቅ ጎረቤቷ መጥታ በሲኒው ውስጥ የቀረውን መስመር ታነባለች፤ ይህ መንገድ ነው፣ ይህ ወፍ ነው፣ ይህ ምቀኛ ዓይን ነው እያለች። እዚያው ሕንፃ ላይ የምትሠራ አንዲት የአገራችን ልጅ ሲኒዋን ማስነበብ ጀመረች። መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር። ቆይቶ ቤት ለመቀየርም፣ ለጠየቃት ሰው መልስ ለመስጠትም ሲኒ ካላየች የማትወስን ሆነች። ረቡዕና ዓርብን አልተወችም። የተወችው የማታ ጸሎቷን ነው። ስጠይቃት «ምን ብዬ ልጸልይ? የነገውን አውቄዋለሁ» አለችኝ። ሲኒው ክፉ ባሳየ ቀን ምንም ሳይደርስባት ስታለቅስ ትውላለች፣ መልካም ባሳየ ቀን ደግሞ ማመስገን ትረሳለች። እማዬ፣ ጣዖት የዕለት እምነትን የሚያደክመው እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድን አያስተውም። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ብሎ የመለመንን ፍላጎት ነው የሚወስደው።

ሌላም አለ፣ ይኼ ይብስብኛል። አዋቂ ባዶ እጅሽን አይመልስሽም፤ ጠላት ይሰጥሻል። «ከበርሽ በስተቀኝ ያለች ጠይም ሴት» ይልሻል። ከበራችን በስተቀኝ ማን እንዳለች ታውቂያለሽ። አባዬ ያረፈ ጊዜ ድንኳኑ እስኪነሳ ቤቷን ዘግታ እኛ ዘንድ የከረመች፣ በረመዳን ሾርባዋን ሳትልክልን የማትቀር፣ አንቺም በፋሲካ ዳቦ ቆርሰሽ የምትልኪላት ሴት ናት። አንዴ በጥርጣሬ ካየሻት ለቡና ስትጣራሽ እግርሽ ይከብዳል፣ የላከችውን ሾርባ ልጆቹ እንዳይቀምሱት ትደፊዋለሽ። እንዲህ ሆነሽ እንዴት ብለሽ ትቆርቢያለሽ? የንስሐ አባታችንንስ በየትኛው ዓይንሽ ታያቸዋለሽ?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19ን እህቴ ታንብብልሽ። ኤፌሶን ላይ የጥንቆላ መጽሐፋቸውን አምጥተው በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉት፤ ዋጋው ሲተመን 50,000 ብር ሆነ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል አስቀድመው ያመኑ ነበሩ፤ አምነውም ነገሩ ቤታቸው ቆይቶ ነበር። ሸጠው ለድሃ እንስጥ አላሉም። እናንተም «ገበያሽ ታስሯል» ካለችው ሴት የመጣ ክታብ ወይም ሥር ቤት ገብቶ ከሆነ፣ አንድ ሌሊት እንኳ ሳይቆይ ለንስሐ አባታችን ስጡና እሳቸው ያስወግዱት።

አሁን ደግሞ ስለ እኔ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ስንደዋወል «ዶላር ዛሬ ስንት ገባ?» ከጤናዬ ይቀድማል። ይህ አላስቀየመኝም፤ ኑሮው መክበዱን አውቃለሁ። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?» ስትይኝ ግን እፈራለሁ። ሙሴ የናሱን እባብ የሠራው እግዚአብሔር አዝዞት ነው፤ ሕዝቡም በእርሱ ድኖበታል። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ያንኑ እባብ ዕጣን ሲያጥኑለት ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው። የዳኑበት ነገር ነው ጣዖት የሆነባቸው። እኔም እናንተን ለመርዳት የተላክሁ እንጂ የምታምኑብኝ አይደለሁም። ዘንድሮ መስከረም ላይ ቤይሩት በቦምብ ስትናጥ ምንም መላክ አልቻልኩም ነበር። ያን ጊዜ ማን አበላችሁ? ያበላችሁን እሱን ጥሩት።

ብሩን እንዲህ አድርጊው። የሱቁን ኪራይ እስከ ጥቅምት ክፈሉበት። በተረፈው እህቴ ቦቲ ጫማና ጃንጥላ ታስገባ፣ በዚህ ጭቃ የሚፈለገው እሱ ነው። ለዶሮው የተባለውን ደግሞ ጾሙ ሲፈታ ዶሮ ገዝታችሁ ሠርታችሁ ብሉበት፣ የቀኝ ጎረቤታችንንም ሰላም በይልኝ። የእስልምና ዶሮ ካልሆነ እንደማትበላ ታውቂያለሽና ለእሷ ቡናውን አፍይላት።

ለንስሐ አባታችን ጉልበት ሳሚልኝ። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ደውሉልኝ፤ እሁድ ከቀትር በኋላ ነፃ ነኝ።

ልጅሽ